የመኮንኖችዎን መኪና ስለከፈትኩበት ወንጀል

ለፖሊስና ማረሚያ ቤት ጥምር የክትትል ቡድን የተከበሩ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? የእኔን ጤና እንኳ ሁለቱ መኮንኖችዎ በሳምንት አራት ቀን እየመጡ ስለሚያዩ ከእናቴ ልጅ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። መኪና ሰርቄ ሦስት ጊዜ የታሰርኩ፣ ዛሬ በታላቅ እህቴ ዋስትና ወጥቼ በእሷው ሳሎን ጥግ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ደጋጋሚ ብላችሁ ስለመዘገባችሁኝ ቅሬታ የለኝም፤ እውነትም ደጋግሜአለሁ። ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ ፖሊሱና የማረሚያ ቤቱ መኮንን በጋራ እንዲሠሩ ማድረግዎ ግሩም ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን አንዱ የፈረመውን ሌላው ስለማያምን፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት መቀመጤን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቅጽ ያረጋግጣሉ። እስክሪብቶው የእኔ ነው።

፪ኛ፦ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ ሁለቱ ሲገቡ ብታይ ጊዜ ሜትሬን ወገቧ ላይ እንደታጠቀች እግሬ አውጪኝ ብላለች። ሜትሩ እስካሁን አልተመለሰም፤ እኔ ግን ማንንም በስርቆት አልከስም።

፫ኛውን ስጽፍ ሳቄ ይመጣል፤ ኋላ ግን ይደርቅብኛል። ባለፈው ማክሰኞ መኮንኖችዎ ቁልፉን መኪናቸው ውስጥ ትተው ቆልፈውበት፣ ቁልፍ መያዝ የማን ድርሻ እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ፣ በአንድ ድምፅ ተስማምተው ወደ እኔ መጡ። መኪና እንዳልነካ መከልከሌን በትሕትና ባስታውሳቸውም ትእዛዝ ነው ስላሉኝ፣ በአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ከፈትኩላቸው። አጨበጨቡልኝ፤ ኧረ እንዲያውም መርቀውኛል! ሐሙስ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን የመንግሥት መኪና ያለ ቁልፍ ስከፍት እጅ ከፍንጅ መያዜን ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎ።

ጉዳዬ ሰኞ ይታያል። መታሰሩ አያስጨንቀኝም ብል ውሸት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የእህቴ ነገር አንጀቴን ይበላዋል። ዘመድ ሁሉ ለዚህ ሌባ ዋስ አትሁኚ ሲላት አሻፈረኝ ብላ የፈረመች እትዬ፣ ደብዳቤውን ካነበበች ወዲህ ምንም ሳትጠይቀኝ ካልሲዬንና ሳሙናዬን በፌስታል አዘጋጅታ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ድሮም ሦስት ጊዜ እንዲሁ አድርጋለች። ስለዚህ መኮንኖችዎ ሰኞ ቀርበው ክፈት ያለኝ ማን እንደነበር እንዲናገሩ እለምንዎታለሁ።

በሁለት ቅጽ በሕይወት መኖሩ የተረጋገጠው፣ ሲፈለግ ቀርቶ ሳይፈለግም የማይጠፋው
ልብስ ሰፊዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ላሽገው ስል መኮንኖችዎ ላባቸውን እየጠረጉ በእግራቸው መጡ። መኪናው ከላይኛው መንገድ ላይ እንደገና ተቆልፎባቸዋል። በጽሑፍ ካልታዘዝኩ፣ የማክሰኞውም ትእዛዝ አብሮ ካልሰፈረ ሽቦ አልነካም ስላልኳቸው፣ በእኔው እስክሪብቶ ጽፈው ሁለቱም ፈርመዋል። ቅጂው ተያይዟል። እትዬም አንብባው ፌስታሉን ፈታለች። የመኪናውን በር የምከፍትላቸው ግን ሰኞ ከችሎት ስመለስ ነው።