እማዬ በቀብሯ ገንዘብ ቦይለር ገዛች

ውድ ወንድሜ ክላይቭ፣

እማዬ በዚህ በጥር ብርድ እጅጌ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ አይተህ «ምን ነካት?» ብለህ ስትደነግጥ፣ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ዝም አልኩህ። ተቀምጬ ልጻፍልህ።

ከገና በፊት ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ካፖርቷን ለብሳ፣ ኮፍያዋን ደፍታ ነበር በር የምትከፍትልኝ። «ወዴት ነው?» ስላት «ልወጣ ስል መጣሽ» ትለኛለች። እኔ ሞኟም አምኜ፣ እግሯ አላርፍ አለ እያልኩ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ስኒ አጥባ ስትሰጠኝ ጣቶቿ እንደ ቀይ ሥር ቀልተው አየሁ። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል። ቦይለሩ የሚያሞቀውን የግድግዳ ማሞቂያ ዳሰስኩት፤ እሱም በረዶ።

«እማዬ! ቦይለሩ ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም፤ ደክሞት ተኝቶ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ሥራሽ በግማሽ ተቀንሶብሻል፤ ወንድምሽ ትዳሩ ፈርሶበታል። እኔ ደግሞ ልጨመርባችሁ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ናይጄል የሚባል ጠጋኝ አመጣሁ። ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ሳቁ መጣ። «ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል! መለዋወጫውም መሠራት ካቆመ ቆይቷል። አዲስ ነው የሚያስፈልግዎት።» የመንግሥት ድጎማ ብንጠይቅ ጡረታዋ ከወሰኑ በጥቂቱ ስለሚያልፍ አይመለከታትም አሉን። እኔ ተበድሬ ልክፈል ብላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

ገንዘብስ ነበራት፤ አባዬ ከሞተ ጀምሮ ከጡረታዋ እየቆነጠረች ለቀብሯ ያስቀመጠችው።

«እሱ አይነካም!» አለች። «የኦክ እንጨት የሬሳ ሳጥኔ ነው። ለቀባሪው የሚቀርበው የሻዩና የካሙ ሥጋ ነው። ሰው ከቀብሬ ጦሙን ይመለስ?»

ብለምናት ብሠራት ወይ ፍንክች። በማግስቱ ግን ራሷ ስልክ አንስታ ባሪ ጋ ደወለች፤ ያ አብሮህ የተማረው፣ አሁን የአባቱን የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት የያዘው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ባሪ፣ ሳጥኑን ከኦክ ወደ ርካሽ እንጨት ባወርደው ምን ያህል ይተርፈኛል?»

ለምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። እሱም «ወይዘሮ ኤድና፣ ቤቱን ያሙቁ። እኔ አልቸኮልኩም፤ እርስዎን ምን አስቸኮለዎት?» አላት።

እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ዓይኗን ጠርጋ «ተነሺ፣ ባንኩ ሳይዘጋ እንሂድ» አለችኝ።

አዲሱ ቦይለር በገባ ዕለት ሳሎኑ መሐል ቆማ አንድ በአንድ አወለቀች፤ ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ከሥሩ ሌላ ሹራብ። ምን ያህል እንደከሳች ያየሁት ያኔ ነው፣ ክላይቭ። ዞር ብዬ ሻይ የምጥድ መሰልኩ።

«የተረፈችውን ገንዘብ ካም ግዥባት» አለችኝ። «አሁን እናብላቸው፤ ስለ እኔ የሚያወሩትን እኔም ልስማ።»

እሑድ ዕለት ለቀብሯ ይመጣሉ ያለቻቸውን ሁሉ ጠራች። ጎረቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ፣ ባሪም ሳይቀር። «አንተ እንኳን በእንግድነት መጣህልኝ!» ብላ አቀፈችው። ያን ፎቶ ያነሳት እሱ ነው። ሙቀቱ በርትቶ አንዱ መስኮት ቢከፍት፣ «ዝጋው! የሳጥኔን ሙቀት ነው የምታስወጣው!» ብላ ጮኸችበት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሁሉም ሲሄዱ ሰሃን እያደራረቀች ጠየቀችኝ።

«ክላይቭ ለቀብሬ ይመጣል?»

«እንዴ እማዬ! ይመጣል እንጂ!»

«እንግዲያው ለዚያ የሚያወጣውን የመሳፈሪያ ገንዘብ አሁን ያውጣው በይው። ያን ቀን ቢመጣ እኔ አላየውም።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ።

የምትወድህ እህትህ
ሎሬይን
ሮችዴል