በየመንገዱ የቆጠርከው ዘመድ

ይድረስ ለደምሴ፣ ለልጆቼ አባት።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጥቶ መንገዱ ደርቋል። አንተ ብትኖር ይሄኔ ጎማ ትነፋ ነበር።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። አንተ ካለፍክ በኋላ ልጃችን የሺ አዋቂዎች የሚማሩበት ክፍል አስገባችኝና ጥርሴ ከረገፈ በኋላ ፊደል ለቀምኩ። አስተማሪያችን በዕድሜው ልጄ ይሆናል። «እማማ አስካለ፣ እርሳሱን ይህን ያህል አይጫኑት፣ የትም አይሄድም» እያለ ይስቅብኛል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብዬ የነፍስ አባታችንን ብጠይቃቸው «ጸሎት ይበቃዋል» አሉኝ። ጸሎቱንስ አላስታጎልኩብህም። ነገር ግን ጸሎት ላይ የሞተን ሰው ጥያቄ አይጠይቁትም፤ እኔ ደግሞ የምጠይቅህ አለኝ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል። ከአጥሩ ጥግ ያለው የኮክ ዛፍ በነፋስ ወድቆ ማገዶ ሆነ። ጎረቤታችን ያንን ክፉ ውሻዋን አሁንም አላሰረችም። ፊደል ከለየሁ ወዲህ ገበያ ስሄድ የመንገዱን ምልክት ሁሉ አነባለሁ። አንተ በጂፕ ስንሄድ «ይኸውና፣ ‹ለወይዘሮ አስካለ መንገድ ልቀቁ› ይላል» እያልክ ታነብልኝ የነበረው፣ ለካ «ጉደር» ብቻ ነው የሚለው። ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ሴት በባሏ ስንት ዓመት ትታለላለች?

የሺም ተዳረች። ያገባችው ፈይሳን ነው፣ የጎጆ ከተማውን የኦቦ ዳባን ልጅ። አዎ፣ አንተ ዘመድ ያደረግከውን ሰው ልጅ። ግራ የገባኝ ይህ ነው፤ ከሥሩ ጀምሬ ካልነገርኩህ አይገባህም፤ ለእኔም አልገባኝ።

ጡረታ ወጣ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜህን ሙሉ በመንገድ ሥራ ካምፕ ስታድር ልጆቹን ለብቻዬ አሳድጌያለሁና፣ ከእንግዲህ ከደጃፌ የሚቀመጥ ባል አገኘሁ አልኩ። አንተ ግን ካምፑ ሲፈርስ የሠራተኛ ማደሪያ የነበረችውን፣ ባለ ሁለት ጎማዋን የእንጨት ተሳቢ ገዝተህ በአሮጌዋ ጂፕ እየጎተትክ ግቢያችን አስገባሃት። ጎረቤት ሁሉ «አስካለ፣ በስተርጅና ጣውንት መጣብሽ» ብሎ ሳቀብኝ። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ፣ ጭቃው ጠንክሮ አገሩ ሲለመልም፣ ፍራሹን፣ ምጣዱንና እኔን ጭነህ ትነሳለህ። ምን ፍለጋ እንደሆነ ነግረኸኝ አታውቅም። «አገር እንይ» ነበር መልስህ። ስትሠራው የኖርከውን መንገድ መልሰህ ምኑን ታየዋለህ?

ግን ደስ ይለኝ ነበር። ያንን በቁምህ አልነገርኩህም። ከጌዶ በላይ ዳገቱ ላይ ጂፗ ስትተነፍስ ወርደህ ኮፈኗን ከፍተህ «አይዞሽ እናቴ» ስትላት እቀናለሁ፤ እኔን እንዲህ ብለኸኝ አታውቅማ። ከዚያ ደግሞ የተጠበሰ በቆሎ ከመንገድ ገዝተህ የለሰለሰውን ወገን ለእኔ ትገምሰዋለህ። ጥርሴን አስበህ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልያዘው?

የምናድርበት ከተማ ስንደርስ ለተሳቢዋ ማቆሚያ ግቢ ያስፈልገናል። ሆቴል አትወድም፤ ሜዳው ላይ ጅብ አለ። ስለዚህ ከጠላ ቤት ደጅ ቆመህ ደህና አጥር ያለው ሰው ትመርጥና «አካም ጅርታ? የማን ልጅ ነህ?» ብለህ ትጀምራለህ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ዋንጫው ሁለተኛ ሳይሞላ ዘመድ ሆናችሁ ትተቃቀፋላችሁ። ጉደር ላይ ከኦቦ ኢረና ጋር፣ ሸነን ላይ ከባለ ወፍጮው ጋር። በሩ ይከፈታል፣ ተሳቢዋ ትገባለች፣ እኔ ከማላውቃት ሴት አጠገብ «ምራታችን» እየተባልኩ ሽንኩርት እልጣለሁ። ለብቻችን ስንሆን «ደምሴ፣ እውነት ዘመድህ ነው?» ብዬ እጠይቅሃለሁ። «ዱጋ» ትላለህ፣ እውነት ነው ማለትህ ነው፤ ብለህም ሳትጨርስ ትስቃለህ። ዛሬ መከራዬን የሚያሳየኝ ያ ሳቅህ ነው።

አባትና እናትህን የኅዳር በሽታ ሲወስዳቸው አንተ ገና ድክ ድክ የምትል ነበርክ። ያሳደገችህ አክስትህም ከሞተች ቆየች። ደምሴ፣ ጉደታ፣ ሰንበቶ፤ ከሰንበቶ በላይ ያለውን ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንተ ደግሞ ከሰንበቶ በላይ ጉደር ላይ «ጂማ» ስትል ሰምቼሃለሁ። ሸነን ላይ «ሁንዴ» አልክ። ጎጆ ላይ «ቱፋ» ሆነ።

ጎጆ የገባን ቀን በረዶ ይጥል ነበር። ተሳቢዋ ከድንች ማሳ ዳር ተቀርቅራ ኦቦ ዳባ በሬዎቹን ጠምዶ አወጣልን። እኔ የራሰውን ፍራሽ ስሰበስብ ቀረሁ፣ እናንተ ቀድማችሁ ገባችሁ። ስደርስ አረቄ ተቀድቷል፣ ቱፋ ተጠርቷል፣ ተቃቅፋችኋል። አንተ ታለቅስ ነበር። በሌላው ከተማ ትስቃለህ እንጂ አልቅሰህ አታውቅም። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ፈይሳ ለአምቦ ሐኪም ቤት ድሬሰር ሆኖ መጣ። «ያጎቴ ቤት» ብሎ እሑድ እሑድ ምሳ ከእኛ ይበላ ጀመር። ስትታመም መርፌህን የወጋህ እሱ ነው፤ ቃሬዛህን የተሸከመውም እሱ ነው፤ ከተማው ሁሉ እየሰማ «አጎቴ! አጎቴ!» ብሎ ያለቀሰውም እሱ። ከየሺ ጋር መቼ እንደ ተያዩ አላውቅም። ዘመድ ናቸው ብዬ ነዋ፣ አብረው ሲስቁ ያላየሁት!

ባለፈው ኅዳር ከጎጆ ሽማግሌ ተላከ። በእኛ ወገን የተቀመጡት አንተ በየመንገዱ የቆጠርካቸው ናቸው፤ የጉደሩ ኦቦ ኢረና በክብር ከመሃል፣ የሸነኑ ባለ ወፍጮ ከጎኑ። የነፍስ አባታችን «ሰባት ቤት ያልጠራ ጋብቻ አልባርክም» አሉና ቆጠራው ተጀመረ። ከወዲያ ኦቦ ዳባ፣ «ፈይሳ፣ ዳባ፣ በዳሳ፣ ዋቆ፣ ቱፋ» አለና ድምፁ ወረደ። ከወዲህ ኦቦ ኢረና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሺ፣ ደምሴ፣ ጉደታ፣ ሰንበቶ፣ ጂማ» አለ። ከጎጆ ሽማግሌዎች አንዱ ዘሎ ተነሳ። «የምን ጂማ? ለቅሶው ላይ የቱፋ ልጅ ብለን አይደለም የተላቀስነው?» ባለ ወፍጮው ደግሞ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ሁንዴ ነው፣ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ» አለ። ሦስት አገር በአንድ ሬሳ ተጣላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። የሺን ከጓዳው በር አየኋት፤ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። ቱፋ ከሆነ ጋብቻ የለም። አምስተኛው ቤት ላይ ወንድምና እህት ናቸው።

ቄሱ ወደ ኦቦ ዳባ ዞረው «ቱፋን ማን ቀድሞ ጠራው? ደምሴ ነው ወይስ አንተ?» አሉት። ዳባ መሬት መሬት እያየ «አላስታውስም አባ፤ ብርድም ነበረ፣ አረቄም ነበረ» አለ። ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «አዴ አስካለ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ተናገሪ» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

እኔ ፍራሽ ስሰበስብ ነበር፣ ደምሴ። አልሰማሁም። ግን የልጄን ፊት አየሁና ቆሜ እንዲህ አልኩ፤ «ዳባ ጠራው፣ ባሌ ተቀበለው። በየከተማው እንዲህ ያደርግ ነበር፣ ለተሳቢዋ ማቆሚያ ብሎ። ጂማም የለም፣ ሁንዴም የለም፣ ቱፋም የለም። ባሌ ውሸታም ነበር።»

ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ስልህ ኖሬያለሁ፤ አልከበደኝም። በሸንጎ ግን ከበደኝ። ኦቦ ኢረና ቀስ ብሎ ተነሳ። «እንግዲያ እኔ እዚህ ምን ላደርግ ተቀመጥኩ? ተዝካሩ ላይ በግ አምጥቻለሁ እኮ! በሥጋ ዘመድ ብዬ!» አለ። አንዱ ቀልደኛ «በጉ ተበልቷል፣ ቆዳውን ትመልስለት» ሲል ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ፣ ባለ ወፍጮውም ተከተለው። ቃሌ ተያዘ፣ ጋብቻው ተፈቀደ። የሺ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ ግን ከጉደር እስከ ሸነን የነበረህን ዘመድ ሁሉ በአንድ አፍ ስፈጅ ዋልኩ።

ጥር ላይ ሰርጉ ሆነ። ኦቦ ኢረናን ጠራሁት፣ አልመጣም። ሚዜዎቹ የሙሽራዋን ዕቃ የሚጭኑበት መኪና አጥተው ተሳቢህን ከጂፗ ጋር ቀጠሏት። የቄጤማ ጉንጉን አስረውላት፣ በመስኮቷ መጋረጃ ሰቅለውላት፣ ጥሩምባ እየነፉ ወደ ጎጆ ወሰዷት። ለቅልቅሉ እኔም ሄድኩ። ፈይሳ ከፊት ወንበር ላስቀምጥሽ ቢለኝ እምቢ ብዬ ከኋላ ተሳቢዋ ውስጥ ገባሁ፣ ከሳጥንና ከፍራሽ ጋር። መንገዱ ያው ነው፣ አንጀት ይበጥሳል። ከውስጥ ሆኜ ዘፈናቸውን እሰማለሁ፤ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። አንተ የለህም፣ ተሳቢዋ ግን ትሄዳለች። ይህ እንዴት ይሆናል እላለሁ።

ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ጭፈራው ሲደምቅ ኦቦ ዳባ ከዳሱ ጀርባ፣ ከገብስ ክምሩ ጥግ ጠራኝ። ሽማግሌ ሰው እንደ ልጅ እጁን ያፍተለትላል። «አዴ፣ ይቅር በይኝ። ቱፋን ቀድሞ የጠራው ደምሴ ነው። እኔ ከዋቆ በላይ ያለውን አላውቅም ነበር፤ አባቴም አልነገረኝ። ደምሴ ‹የሰንበቶ አባት ቱፋ ይባላል፤ በልጅነቴ አክስቴ ነግራኛለች፣ አገሩን ግን አላውቀውም› አለና ዓይኔን ዓይኔን አየኝ። ብርድ የመታው እንግዳ ነው፣ እንዲያ እያየ። ‹የለም› ልበለው? ‹የእኔም ቱፋ ነው› አልኩት። አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ እንዴት ልመልሰው?»

«ታዲያ በሸንጎው ለምን አላስታውስም አልክ?» ብዬ ጮህኩበት። «ልጄ እሑድ እሑድ በዚያ ውሸት ምሳ ሲበላ ኖረ፤ በምን አፌ?» አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ደግሞ የሞተ አይሰማም፣ አዴ።»

ልጆቹ ዘመድ አይደሉም ማለት ነው። ኃጢአት የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህንን ስሰማ ሊቀለኝ ይገባ ነበር። ግን ቆሜ ቀረሁ። አልዋሸም ብዬ ያቆምኩት ዳባ ነበር የዋሸው። ውሸታም ያልኩህ አንተ ያን ዕለት ምን ነበርክ? ያ በየከተማው «የማን ልጅ ነህ?» ማለትህ ግቢ ፍለጋ ነበር ወይስ ሰው ፍለጋ? ጂማና ሁንዴ ለተሳቢዋ ከሆኑ፣ ቱፋ ለምን አስለቀሰህ? ቱፋ እውነት ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ለምን ሸሸግኸው? አሳቅፈው ቢነጥቁኝስ ብለህ ፈርተህ ይሆን? ወይስ እዚያም የአክስትህን ነገር ፈጥረህ፣ ፈጠራህ ላንተው ለራስህ ጥሞህ አለቀስክ? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። አጠገብህ ዕድሜዬን ተኝቼ ይህን አንድ ነገር ሳልጠይቅህ፣ ብጠይቅህም ሳትነግረኝ ሄድክ። እናደድብሃለሁ። ማንን እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ የሚዋሸውን ደምሴ ነው ወይስ የሚያለቅሰውን?

ኦቦ ኢረና ዘንድ ሄጄ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት፣ በእግሬ። ስለ ጂማ አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም፤ «ስለ ቱፋ ግን ያልሰማሁትን መስክሬያለሁ» አልኩት። «ሶባ በሶባ» አለ፣ ውሸት በውሸት ማለቱ ነው። ከዚያ ግን እርጎ አስቀረበልኝ። ታርቀን ይሁን አልታረቅን አልገባኝም።

የሺ ነፍሰ ጡር ናት። ልጁ አፉን ሲፈታ አባቱ በጎጆ ወገን ያስቆጥረዋል፤ በዋቆ ላይ ይቆማል፣ ዳባ ምሎልኛል። በእናቱ ወገን የማስቆጥረው እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያውቅ የቀረ የለም። ጂማንና ሁንዴን አላነሳቸውም። የሺ፣ ደምሴ፣ ጉደታ፣ ሰንበቶ ካልኩ በኋላ ቱፋ እላለሁ። እውነት ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ አላውቅም እለዋለሁ፤ አያትህ ግን አልቅሶበታል እለዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ስምህን ከዚያ ስም ሳልነጥል እጠራዋለሁ።

አስካለ
አምቦ