ጅራቱን ወደ ሰማይ ስለሰቀሉልን ሞተርሳይክል

ለክቡር የካሙራ ሞተርሳይክል ፋብሪካ ዋና የቅርጽ ነዳፊ፤
ባሉበት።

ግልባጭ፦ ናካዋ፣ ጂንጃ መንገድ ላይ ላለው ወኪልዎ እና ቡኮቶ ለሚገኘው ምግብ ቤቴ ግድግዳ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም እርሳስ ለምትይዘው ቀኝ እጅዎ፣ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ይህች እጅ ሰሞኑን ያለ ዕረፍት እንደደከመች ከሥራዋ ስለምንረዳ፣ ረዘም ያለ ፈቃድ ተሰጥቷት ፀሐይ ስትሞቅ ብትሰነብት የሁላችንም ደስታ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስሜ ሀብተሚካኤል ነው። ከባለቤቴ ከአስካለማርያም ጋር እዚህ ካምፓላ፣ ቡኮቶ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አለን፤ በትርፍ ጊዜዬም ሞተር ወዳድ ሐበሾች ያቋቋምነውን የእሑድ ጋላቢዎች ማኅበር በሰብሳቢነት አገለግላለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍልዎ ቋንቋውን እንደማያውቁት ዘንግቼ አይደለም። እርስዎ እኛን ሳያውቁ ሞተራችንን መንደፍ ካልከበደዎ፣ እኔም እርስዎ የማያውቁትን ቋንቋ መጻፍ ሊከብደኝ አይገባም ብዬ ነው።

የቀድሞው ካሙራ ምን እንደነበር ምናልባት ረስተውት ይሆናልና ላስታውስዎ። ክብ መብራት ነበረው፤ ሁለት ሰው ከነዕቃው የሚያስቀምጥ ረጅምና ጠፍጣፋ ወንበር ነበረው፤ ከኋላ ደግሞ ጆንያም የሚታሰርበት፣ የተቀመጠ ሰውም የሚይዘው ጠንካራ ፖርቶመጋላ ነበረው። አላጉረመረመም፣ አልከዳም፣ የቡኮቶን ጉድጓድ ሁሉ በስም ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ናካዋ ባለው የወኪልዎ ሱቅ መስታወት ውስጥ አዲሱን ሞዴል አይቼ ልቤ ተሰለበ። ጤነኛውን ሞተሬን ሰው በሞተር እያመላለሰ ለሚያድረው ለሰፈራችን ቦዳ ነጂ ለዋስዋ ሸጥኩና የእርስዎን ድንቅ ሥራ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የደረሰብንን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የፊቱን ጉዳይ ይመለከታል። ክቡ መብራት ምን በድሎዎት እንደሆነ ባናውቅም፣ በቦታው ያስቀመጡልን ሹልና የተኮሳተረ ዓይን ገና ግቢ ስገባ ማኅበርተኞቼን አስደንግጧል። የሞባይል ስልክ ነጋዴው ዳግማዊ፣ በዕድሜ ከሁላችንም ያነሰው እሱ ነው፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ኧረ ቀውጢ ነው! ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ነው የሚመስለው!» እያለ ዙሪያውን ሲዞር፣ ናካዋ ገበያ አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው የጅማው ሱሩር ደግሞ ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ «ወላሂ ይሄ ንሴኔኔ ነው፤ ክንፉን ነቅላችሁ ጥበሱት» ብሎ ፈረደበት። ንሴኔኔ እዚህ አገር በወቅቱ ተጠብሶ የሚበላ ፌንጣ ነው፤ ይጣፍጣል ይላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ቦዳ ነጂዎች ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩኛል፤ ሞተሩን ማለቴ ሳይሆን እኔን። ስም ስላወጡልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የኋላውን ጉዳይ ይመለከታል፤ ይህኛው ሃይማኖታዊ ይዘትም አለው። እኛ ዘንድ አዲስ ሞተር ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። ስለዚህ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ፣ ታላቃችን ጋሽ ወልደየስ እንዲመርቁ ተጋበዙ። እሳቸውም በክብር ተነሥተው ቀረቡና እጃቸውን መብራቱ ላይ ጭነው «ፊትህን ያብራልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከፊትህ የሚመጣውን ክፉ ይመልስልህ» ብለው ረጅም ምርቃት አወረዱ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን አልን። ዳግማዊ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን የጫኑት የኋላው ቀይ መብራት ላይ መሆኑን በጆሮዬ የነገረኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሽማግሌው አይፈረድባቸውም፤ ከፍ ብሎ የተቀሰረውን ጅራት ያየ ጤነኛ ሰው ሁሉ ፊት ነው ብሎ ያስባል። ምርቃቱ ከፊት በኩል እንዲደገም ብንለምናቸው ተቆጥተው «ምርቃት እንደ ሞተር አይዞርም፤ ሠሪው ፊቱን ፊት አስመስሎ ይሥራው ነበር» ብለው ዳቦአቸውን ይዘው ተቀመጡ። ስለዚህ የእኔ ሞተር ከኋላው የተመረቀ፣ ከፊቱ ለእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ የተተወ በዓለም ላይ ብቸኛው ሞተር ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ማኅበራችን እርስዎ እስኪመጡበት ድረስ በአንድ ትሪ የሚበላ፣ በአንድ ዜማ የሚያወራ ሰላማዊ ስብስብ ነበር። አሁን ለሁለት ተከፍሎ የክብ መብራት ወገን በምግብ ቤቴ መስኮት ሥር፣ የሹል መብራት ወገን ሞተሩን እያየ እንዲበላ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አንዱ ሌላውን ጎርሶ እንኳ አያጎርሰውም። በአንድ ትሪ ይቀርብ የነበረው አሁን በሁለት ትሪ ስለሚታዘዝ፣ እንደ ምግብ ቤት ባለቤት ውለታዎን አልረሳም። እንደ ሰብሳቢ ግን አዲሱን ገዝቶ ልቡ ከክቡ ጋር የቀረ ሰው ስለሆንኩ፣ መስኮቱ ሥር ስሄድ ከሃዲ፣ በሩ አጠገብ ስሄድ ሰላይ ሆኛለሁ።

አራተኛው የመቀመጫው ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ሲሉ ትንሽ ቀና ብለው ይቀመጡልኝ፤ መቼም መቀመጫዎ ቀና ብሎ የሚያስቀምጥ ከሆነ።

በካምፓላ ሴት ልጅ ሞተር ላይ የምትቀመጠው ሁለት እግሯን በአንድ ጎን ሰብስባ ነው። የአገሬው ሴቶች ከነሰፊው ጎሜሲያቸው፣ የእኛዎቹም ከነሐበሻ ቀሚሳቸው እንዲሁ ናቸው። አስካለማርያምም እሑድ እሑድ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በአንድ እጇ ፖርቶመጋላውን፣ በሌላው ወገቤን ይዛ ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ጓዳ፣ እኔ ደንበኛ ፊት ስንሯሯጥ ውለን ቤት ስንገባ እንቅልፍ ይቀድመናል፤ እንደ ባልና ሚስት የምናወራው እዚያች ሞተር ላይ ብቻ ነበር። አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ የዘመድ ወሬውን፣ የሰፈሩን ሐሜት፣ የእኔንም ጥፋት አንድ በአንድ በጆሮዬ ታፈስልኛለች። ክቡር ሆይ፣ ያችን የእሑድ ጠዋት መንገድ እወዳት ነበር፤ ይህን ለእርስዎ ለመናገር አላፍርም።

እርስዎ ግን የኋላውን መቀመጫ ከፊተኛው ነጥለው ወደ ላይ ሰቀሉት፣ ወደ ፊት አዘነበሉት፣ የሚያንሸራትት ቆዳ አለበሱት፤ ፖርቶመጋላውንም «ቅርጽ ያበላሻል» ብለው ይመስለኛል ነቀሉት። በመጀመሪያው እሑድ ባለቤቴ በጎን ተቀመጠች። መንገድ ላይ ጉብታ ባገኘን ቁጥር ጀርባዬን በትከሻዋ ትደበድበኛለች፤ የናጉሩን ዳገት ስንጀምር ደግሞ የምትይዘው ብታጣ ኮሌታዬን ይዛ አንቃ ልትገድለኝ ነበር። ከዳገቱ ወገብ ላይ አስቆመችኝና ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «አንተ ከነንሴኔኔህ ሂድ» ብላኝ ለቦዳ እጇን ዘረጋች። የመጣላት ዋስዋ ነበር፤ በእኔው አሮጌ ካሙራ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለኔ የተነገረ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ሁሉ ሚስቴ በቀድሞ ሞተሬ ከዋስዋ ጀርባ ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ በአዲሱ ሞተሬ ብቻዬን አቧራቸውን እየበላሁ እከተላለሁ። ወሬውም አብሯት ሄደ። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በሉጋንዳ ታወራለች፣ ዋስዋ ይስቃል፣ ለእኔ የሚደርሰኝ የማርሚታው ድምፅ ብቻ ነው። አልቀናሁም፤ ቀንቼም ከሆነ በልክ ነው። አንድ እሑድ ናካዋ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ጎን ለጎን ስንቆም ግን ዋስዋ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ በወቀሳ ዓይን እያየኝ፣ «ሴቦ (ጌታዬ ማለቱ ነው)፣ ማዳም ደክሟታል እኮ፤ በሳምንት አንድ ቀን ምግብ ቤቱን ብትዘጋ ምን ትሆናለህ?» አለኝ። ሚስቴ እንደደከማት ከቦዳ ነጂ ሰማሁ፣ ክቡር ሆይ! ለዚህ ያበቃኝን መቀመጫ ለነደፈች እጅ ምን ዓይነት ምስጋና እንደሚበቃ እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ምግብ ቤቱ ተዘጋ። አስካለማርያም ቤት ሆና የምታርፍ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ለካ ናጉሩ ሥር ባለው ሜዳ ከዋስዋ ዘንድ ፍሪሲዮንና ማርሽ ስትማር ኖሯል። ባለፈው እሑድ ጠዋት ከሰፊ ቀሚሷ ሥር ሱሪ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሄልሜቷን ደፍታ ወጣች፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ እያየ እጇን ዘረጋችና «ቁልፍ» አለችኝ። ሰጠኋት። ምን ላድርግ? በሕግ የተፈቀደልኝ ሌላ ቦታ የኋላው ብቻ ነበርና ወጣሁበት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የክብ ወገንና የሹል ወገን ተቃቅፈው ሳቁ፤ ዳግማዊ «ጋሼ፣ በጎን ይቀመጡ እንጂ!» እያለ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሱሩር ዓይኑን እየጠረገ ማሻ አላህ ይላል።

እንግዲህ ከዚያ ከፍታ ሆኜ ያየሁትን ልመስክር። ጉብታ ሲመጣ መቀመጫዎ ያንሸራትተኝና ጀርባዋ ላይ ይለጥፈኛል፤ አገጬ ሳላዘው ትከሻዋ ላይ ያርፋል። ከፊት ሆና ስትናገር ነፋሱ ቃሏን አንድ ሳያስቀር ወደ ጆሮዬ ያመጣዋል። ከቡኮቶ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የወራቱን ወሬ ሁሉ፣ የወራቱን ጥፋቴንም ሁሉ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከፍ ሲል በተራ ቁጥር አራት የቀረበውን ቅሬታ እንዳልቀረበ እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ። መቀመጫውን እንዳይነኩት፤ የዘነበለው እንደዘነበለ ይቅር። በተለይም ፖርቶመጋላውን እንዳይመልሱብን አደራ፤ ሌላ የሚያዝ ነገር ካገኘሁ ምን ምክንያት ፈጥሬ ወገቧን እይዛለሁ?

ባያውቁትም ትዳሬን ላደሱ እጆችዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ እየተንሸራተትኩም፣

ሀብተሚካኤል
የእሑድ ጋላቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ከአሁን በኋላም ተሳፋሪ
ካምፓላ፣ ሰኔ ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

በኅዳግ፦ አስካለማርያም ይህን ደብዳቤ አንብባ ሞተሩ በጣም ቆንጆ ነው ብዬ እንድጨምርልዎ አዝዛኛለች። እውነቷን ነው፤ መሪውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ መንገዱን እንጂ ሞተሩን አያየውም።