ኑግ የጠጣው ሞተር

ውድ ባለቤቴ መለሰ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና መሆኔን በምን ልወቅ? ይህን ወረቀት ጀብሪል በጥበቃ ተራው ያቀብልሃል፤ ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። አንብበህ እዚያው ቅደደው። መሠረተ ትምህርት ያስለመደኝ እጅ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ሞተሩ ተላቀቀ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገብቶኛል። ካሰሩህ ወዲህ ስለቴ አንድ ነበር፤ ያ ግግም ያለ የጀልባ ሞተር ይዙርና ባሌ ይፈታ። ይኸው ዞረ። እኔ ግን ለሰው መናገር አቅቶኝ በር ዘግቼ እጽፍልሃለሁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ልዘርዝረው፤ ስጽፈው ለራሴም ይገባኝ ይሆናል።

ዓባይ የምትነዳትን ጀልባ የገለበጣት ዕለት ሰዉን አወጣህ፣ ሞተሩንም ጎትተህ አወጣህ፣ በበቅሎ ጭነህ ያንን ሁሉ ዳገት ይዘኸው መጣህ። እሳት የሚጭርለትን ካንዴላውን ፈትተህ በቀዳዳው ውኃውን አንጠፈጠፍክ። "ውኃ ጠጥቷል፣ እንዳይዝግ እፈራለሁ" አልክና ለነጓድ ተረፈ ልታመለክት ወደ ቀበሌው ቢሮ ወጣህ። ይህን እናትህ እማማ በለጥሻቸው ሰምተዋል። ለእሳቸው ደግሞ ዝገት የሚሉት ነገር መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ማጭዱንም መጥረቢያውንም ኑግ ነው የሚቀቡት። በካንዴላው ቀዳዳ የኑግ ዘይታቸውን ግጥም አድርገው አጠጡታ! ብርድ የመታው ሰው ይመስል ፍም ዳርም አስቀመጡት። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ስመለስ ሞተሩ እሳት ሲሞቅ አይቼ ስቄያለሁ። ስለ ዘይቱ ግን ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ከዚያማ የሆነውን ታውቀዋለህ። ጓድ ተረፈ መጥቶ ገመዱን ቢስበው ንቅንቅ አልል አለ። "የእርዳታው እህል ከጎጃም እንዳይሻገር የተሠራ አሻጥር ነው" አለና አንተን እየነዳ ወሰደህ። እኔ "ውኃ ነው የገባበት በል እንጂ!" እያልኩ ስጮህ አንተ አንገትህን ደፋህ። ኧረ በዚያች አንገትህ እንዴት እንደተናደድኩብህ! ምን ዓይነት ወንድ ነው፣ አፍ የለውም እንዴ እያልኩ ከማሰሮ ጋር ሳይቀር ስጣላ ከረምኩ።

ደጅ ስጠና ከርሜ ጓድ ተረፈ ሞተሩን የሚያሠራ ሰው ካገኘሁ እንድሞክር ፈቀደልኝ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሱሌማን ሄድኩ፤ ብረት ሲነካ የሚሳደበውን ሱሌማንን ነው የምልህ። ነጭ ጋዝ ሞላበትና አሳደረው። ቮላኖውን፣ ያንን ገመድ የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያለ፣ ሲደክመው ትቶት፣ ሲነሳበት ተመልሶ፣ ሥራዬ ብሎ ያዘው። "አንቺ፣ ይኼ ዝገት አይደለም" ይለኛል በየመሀሉ። እኔ ምኑን አውቄው።

ዛሬ ጠዋት እኛ ጓሮ ሲሠራ ቆይቶ ቮላኖው ዙር አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት "ዝም በይ!" አለኝ። ከውስጥ የወጣውን ሙጫ የመሰለ ነገር በጣቱ አንስቶ አሸተተው።

"ኑግ ነው። ዘይት አጠጥተው እሳት አሙቀውታል። ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መለሰ፣ ከቢሮ ተመልሰህ ካንዴላውን የገጠምከው አንተ ነህ። ያ ሁሉ ዘይት አልሸተተህም? ሸቶሃል እንጂ! ለእናትህ ብለህ ነው ዝም ያልከው። ለእኔስ ምነው ሹክ ብትለኝ? አሁን ልቆጣህ ወይስ እግርህን ልሳም፣ እኔ እንጃ።

"እናስነሳው ወይ?" ብዬ ብጠይቀው ሱሌማን ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ቢነሳ፣ ድሮም ደህና ነበር፣ ሆን ብሎ አቁሞት ነው ይላሉ። ኑግ ነው ብትያቸው ደግሞ፣ ማን አጠጣው ማለታቸው አይቀርም።" አብሽሪ ብሎኝ ወደ ወፍጮው ሄደ። በምን ልበሽር?

አልዋሽህም፣ እናትህን ልናገር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አሮጊት አያስሩም፣ ቢያስሩም ቶሎ ይለቃሉ እያልኩ ራሴን ሳባብል አረፈድኩ። ናፍቀኸኛላ! ግን ደግሞ እሳቸውንም እወዳቸዋለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ "እኔ እሳት ባላሞቀው ይኼኔ ዝጎ አልቆ ነበር" እያሉ ሲኩራሩ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?

እዚህ ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እናትህ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የኑጉን ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። ለካ ሱሌማን ሲናገር ከአጥሩ ሥር ሆነው ሰምተውታል።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

"ተረፈ ዘንድ። እኔ ነኝ ያጠጣሁት ልበለው።"

"ያስሩዎታል እኮ!"

"ልጄ በእኔ ዘይት ታስሮ እኔ እሳት ልሙቅ? አንገቱን የደፋው ለእኔ ኖሯል፣ አበቡ። ለእኔ!"

ነጠላቸውን ያዝኩ፣ ከእጄ መንጭቀው ሄዱ። ልከተላቸው ደጅ ድረስ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ያቆምኳቸው እንደሆነ አንተን ያሰርኩ መሰለኝ፤ ዝም ስል ደግሞ እሳቸውን።

አሁን ምሳህን ይዤ ልመጣ ነው። አንተ ትወጣ ይሆን፣ እሳቸው ይገቡ ይሆን፣ ሁለታችሁም ትቀሩ ይሆን፣ ምንም አላውቅም። ምሳውን ግን ለሁለት ሰው ቋጥሬዋለሁ። እናትህን ካመጧቸው እሳቸውን አስቀድም፤ ጥርስ የላቸውምና እንጀራውን በወጡ አርስላቸው።

ያንተዋ አበቡ