በማሰሮ የገባው ጥይት

ሚያዝያ 22፣ ጠዋት

ቀሚሴ ከሰፊዋ መጣ። ሸጋ ሆኗል! ደብተሬ፣ ላንቺ ልጩህ፦ ለአርበኞች ቀን ት/ቤቱ የሚያናግረው እኔን ነው። ስለ አያቴ ስለ ፊታውራሪ። ወገራን አስተባብረው ጣሊያንን ያስለቀቁትን ሰው ከኔ በላይ ማን ያወራል? ጥይት ሲያልቅባቸው በቅሏቸው ብቻዋን ገደሉን ወጥታ ያደረሰችላቸው ጊዜ... ልጆቹ እሷን ይወዷታል። ስንት ዓመት አውርቻታለሁ።

ሚያዝያ 24፣ ከሰዓት

አምባ ጊዮርጊስ። አያ ታከለ ቤት፤ አጎቴ፣ የፊታውራሪ የመጨረሻ ልጅ። ንግግሬን አነበብኩላቸው። በቅሎዋ ላይ ስደርስ እስኪያስላቸው ሳቁ። “ምነው ልጄ፣ የምን በቅሎ? ወርቄ ናት እንጂ!”

ወርቄ የወለቃ ቤተ እስራኤል፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጥይቱን በማሰሮ ከታ፣ ገለባ ጎስጉሳበት ታሳልፋለች። ኬላ ላይ ባንዶቹ መንገደኛውን ሁሉ ይፈትሻሉ። የሷን ዕቃ ግን ቡዳ ናት ብለው አይነኩም። አያቴ ይህን አውቀው ነው የላኳት። ብልህ መሪ! ደስ ብሎኝ ብዕር አወጣሁ።

ከዚያ የድሉን ግብር አጫወቱኝ። ወርቄም ተጠርታ መጣች። ከአጥር ውጭ አስቀመጧት። ጠላ ጠጣች። ስትሄድ ዋንጫውን ሰበሩት። ያዘዙት ፊታውራሪ ራሳቸው።

በቅሎዋን ታዲያ ወሬው ውስጥ ማን አመጣት? አልኩ።

“እኛው ነና። ቡዳ ነፃ አወጣችን ይባላል እንዴ?”

ብዕሬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ሚያዝያ 25

ያልጋነሽ። ዘጠነኛ ክፍል አብራኝ የተማረች የወለቃ ልጅ። ያኔ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ውሃ ጠጣች። ገና ከግቢው ሳትወጣ ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። እናቴ እንኳ አላዘዘችኝም። ያልጋነሽ ሰምታለች። ዞር አላለችም። ኋላ እስራኤል ገባች አሉ። ይህን አንቺንም ደብቄሽ ኖሬያለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ከሰዓት

ተናገርኩ። ወርቄን ወረቀቱ ላይ ጽፌያት፣ በቀይ አስምሬባት ነበር። አያ ታከለ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። አፌ “በቅሎ” አለ። ጭብጨባ! ር/መምህሩ ጨበጡኝ። እኔ ለፍላፊዋ፣ አንዲት ስም አቃተኝ።

ስወጣ አንዲት ተማሪ ተከትላኝ መጣች። የበቅሎዋ ስም ማን ነበር? አለችኝ።

ቆይ እነግርሻለሁ ብዬ አመለጥኳት። እኔ! ሽሽት!

ሚያዝያ 29

ለአያ ታከለ ደወልኩ፤ እውነቱን ልናገር ነው አልኳቸው። “የአባቴን መቃብር ልትቆፍሪ!” ብለው ዘጉብኝ። ቢሆንም ለር/መምህሩም ደወልኩ። ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አምስት ደቂቃ ይስጡኝ አልኳቸው። ደግሞ ምን ቀረ? ብለው ሳቁ። አንዲት ልጅ ስም ጠይቃኛለች፣ ልነግራት ነው አልኩ። ፈቀዱልኝ።

መጀመሪያ ወርቄን እናገራለሁ። ቀጥሎ ዋንጫውን። ከዚያ ብርጭቆውን። አዎ፣ ብርጭቆውንም።