ለጋሽ ተስፋጽዮን የለቀቅኋት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ማርች 3
ከካስትሮ ቫሊ፣ ከአረጋውያኑ ቤት ሥራ ወጥቼ ኦክላንድ ኮሌጅ የንግግር ክላስ ገባሁ። የክርክር ርዕስ ታደለ። የእኔ፦ «አንድ አገር ሌላውን ሳይጠብቅ የኑክሌር መሣሪያውን ይቀንስ።» ደጋፊ ነኝ። ተቃዋሚዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ተስፋጽዮን! «አእምሮዬ እንዳይዝግ» ብለው በሰባ ሁለት ዓመታቸው የሚማሩት። እሳቸውን ፊት ለፊት ልሞግት? ያውም በእንግሊዝኛ...

ይህን ክላስ ካላለፍኩ የነርስ ትምህርት ማመልከቻዬ ዘንድሮ ቀረ። ደግሞ እኔም አላምንበትም። ዱላ በያዘ ሰው ፊት ዱላውን የሚጥል አለ?

ሐሙስ፣ ማርች 5
የክርክር ንግግሬን ለልጄ ለሲና አነበብኩላት። «ማሚ፣ ስቶፕ ሴይንግ ሶሪ!» አለችኝ። ተናደድኩ። እውነቷን ነው፤ በየመሃሉ ይቅርታ እላለሁ።

እሑድ፣ ማርች 8
ሳነብ ዋልኩ። በሺህ የሚቆጠር ቦምብ ያለው ግማሹን ቢቀንስ ማን ይደፍረዋል? የቀረውም አገር ያጠፋል። ለካ መቀነስ ባዶ እጅ መቅረት አይደለም... ማመን ጀመርኩ እንዴ?

ማክሰኞ፣ ማርች 10
አሸነፍኩ!!

ጋሼ ቀደሙ። ሰዓታቸው አለቀ፣ እሳቸው ግን ቀጠሉ። ካላስቆምኳቸው ትርፉ ከእኔ ነው የሚቀነሰው። አስተማሪዋ አየችኝ፤ ማስቆም መብቴ ነበር። ትልቅ ሰው እንዴት ይቋረጣል? «ይጨርሱ፣ ጋሼ» አልኩ፤ በአማርኛ! ከሦስት ደቂቃዬ አንዷ ሄደች። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ።

ዋናው ነጥቤ ላይ ሳልደርስ ሰዓቴ አለቀ። በቃ፣ ወደቅሁ አልኩ። የመልስ ተራ የጋሼ ነበር። ተነሱ። «ሺ ጌቭ ሚ ሄር ታይም። ናው ሺ ካን ሃቭ ማይን። ብርነሽ፣ በይ ጨርሺ» ብለው የራሳቸውን ሰዓት ለእኔ ለቀው ቁጭ።

አንደበቴ እንደዚያ ተፈቶ አያውቅም! «አንድ ደቂቃ ለቀቅሁ። ውል አልፈረምንም፤ ማንም አላስገደዳቸውም። እሳቸውም ለቀቁ። አንዳችን ባንጀምር ኖሮ አሁንም እየተሻማን ነበር» አልኩ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውንም ተርጉሜ ጨመርኩበት። በክላሱ ድምፅ ሃያ ሁለት ለአምስት! ጋሼም እጃቸውን ያወጡት ለእኔ ነው።

ስንወጣ ግን፣ «ጎበዝ! ብቻ ልጄ፣ አገር ሁሉ ተስፋጽዮን አይደለም» አሉኝ። መልሱ ፓርኪንግ ስደርስ መጣልኝ፤ እኔም ሲጀመር እንደሚለቁልኝ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 17
የክላሱ ውጤቴ ኤ! ማመልከቻውን ዛሬ ላክሁ። አስተማሪዋ «ላይብረሪ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ውይይት አለ፤ ማርክ አይያዝበትም። መናገር የሚፈልግ?» አለች። እጄ ወጣ። «በየትኛው ወገን?» ስትለኝ «በመቀነሱ» አልኩ። በዕጣ የደረሰኝ ስለሆነ አይደለም፤ አምኜበታለሁ።