አባባ ንጉሡን ሲጫወት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ትናንት አባባ በትዕቢቱ ልጁን አባሮ ዘግይቶ የሚጸጸተውን ንጉሥ ተጫወተ። ልጅቷን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እግሩ ላይ ስወድቅ ትክ ብሎ አየኝና፣ በድርሰቱ የሌለ ነገር ተናገረ፦

«አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ? ዓይንሽ የማውቀውን ሰው ይመስላል።»

እንዲህ ያለ ትወና በዕድሜዬ አላየሁም! ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፣ አዘጋጁም አለቀሰ።

መጋረጃው ተዘግቶ ካባውን ሳወልቅለት፣ «እግዜር ይስጥልኝ እመቤት፤ ቤትዎ ሩቅ ነው?» አለኝ።

«ቅርብ ነው፤ አብረን እንሄዳለን» አልኩትና እጁን ይዤ ወጣን።

አንተን ግን አሁንም በስምህ ያነሳሃል። ፈቃድ አታገኝም? ቶሎ ብትመጣ ደስ ይለናል።

በደህና ያገናኘን፤
እህትህ